ዲንቄ ወፍጮዋን ይዛ የወጣች ዕለት

ዲንቄን በዝና ብቻ የሚያውቋት ሰዎች ረጅም ሴት ትመስላቸዋለች። አልነበረችም። አጭር፣ ጠይም፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ መዳፏ በወፍጮ መጅ የሻከረ ሴት ነበረች። ቁመት የጨመሩላት ስትናገር የሰሟት ናቸው። ምላሷ በእርግጥም ረጅም ነበር፤ ይህን ባሏም አይክድም።

ቤቷ ከዝዋይ ሐይቅ ወዲህ፣ ከአዳሚ ቱሉ ገበያ ወረድ ብሎ ነበር። ባሏ ሰንበታ የአካባቢው መልከኛ የግራዝማች ገብረወልድ ገባር ነው። ገባር ማለት እንግዲህ ከሳምንቱ ቀን ስንቱ የራሱ፣ ስንቱ የጌታው እንደሆነ የማያውቅ ሰው ማለት ነው። ባል ያርሳል፣ ያጥራል፣ እንጨት ይፈልጣል፤ ሚስት የጌታውን እህል ትፈጫለች። ዲንቄ ከሙሽርነቷ ጀምራ በግራዝማች ግቢ ወፍጮ ሥር ተንበርክካ ኖራለች። አማርኛም የተማረችው እዚያው ነው። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ዘርፉ ዱቄቱ ካልላመ አይወዱም ነበርና፣ ዲንቄ መጀመሪያ የለመደችው የአማርኛ ቃል «ድገሚው» የሚል ነበር።

እንዲህ ያለች ሴት አገሯን ትወዳለች ቢባል ማን ያምናል? «አገር የጌቶች ናት፣ እኛ ምን አገባን» የሚሉ ጎረቤቶች ነበሯት፤ ማንስ ይፈርድባቸዋል? ዲንቄ ግን ትቆጣቸው ነበር። «ባልና ሚስት ቤት ውስጥ ይጣላሉ» ትላለች። «ጣሪያው ሲቃጠል ግን ‹ቆይ፣ መጀመሪያ ጠባችንን እንጨርስ› የሚል ጅል ነው። እሳቱን አብረን እናጠፋለን። ከዚያ ጠባችንን እንቀጥላለን፤ እኔ እንደሆን ጠቤን አልረሳም።»

በ1928 ዓመተ ምሕረት መስከረም ሊያልቅ ሲል ጣሪያው ተቃጠለ። ነጋሪት በገበያው መሐል ተጎሰመ፤ ጣሊያን ድንበር ጥሶ ገብቷልና ክተት ተባለ። ግራዝማች ሰዋቸውን ሰብስበው አዳማ ባቡር ጣቢያ እንዲገኙ ታዘዙ። ሴቶቹም የየድርሻቸውን ገብስ ከግራዝማች ጎተራ ተቀብለው ወደየቤታቸው ወሰዱ፤ ቆልተው፣ ፈጭተው፣ ለዘመቻው የሚሆን በሶ ሊያሰናዱ።

የዚያን ዕለት ሰንበታ ከግራዝማች ግቢ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። በሩ ላይ ተቀመጠና ጦሩን መጥረግ ጀመረ። አባቱ ነገሪ ያወረሱት ጦር ነው። ጠርጎ ጠርጎ ሲያበቃ መልሶ ከጣሪያው ሥር ሰካው።

«ምነው ሰካኸው?» አለች ዲንቄ። «ልትዘምት አይደለም እንዴ?»

«እዘምታለሁ። ጦር ግን አያስፈልገኝም። ገባሩ ሁሉ ስንቅ ተሸካሚ ነው ተብሏል።»

ዲንቄ የምትቆላውን ገብስ ከእሳቱ አወረደች። ተሸካሚ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ወታደር ስሙ ይጠራል፤ ጠብመንጃ ባይኖረው ጦር ይዞ በሰልፍ ያልፋል፤ ቢወድቅ «እገሌ የእገሌ ልጅ ወደቀ» ተብሎ ለቤቱ መርዶ ይላካል፤ ሚስቱም የዘማች ሚስት ትባላለች፣ በጉልበቷ ማንም አያዝዝም። ተሸካሚ ከበቅሎው ኋላ ይሄዳል። መንገድ ላይ ቢቀር የሚጠየቀው ጆንያው የት እንደደረሰ ነው።

«እና ዝም አልክ?» አለችው።

«ምን ልበል? ዝም አይነቅዝም። ደግሞስ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ቁራሽም አይገባበትም!» አለችና ነጠላዋን አነሣች።

ሰንበታ ፈሪ አልነበረም፤ ይህ ከወዲሁ ይታወቅለት። አንድ ጊዜ ጅብ ከበረት ያባረረው በዱላ ብቻ ነው። ግን ጅብ ዳኛ የለውም፤ ግራዝማች ደግሞ ራሳቸው ዳኛ ናቸው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው አባባል፣ አዳሚ ቱሉ ሲደርስ መልከኛንም ይጨምራል።

ዲንቄ የሄደችው ወደ አዴ ሰሊማ ቤት ነው። አዴ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ ሰሊማም የመንደሩ ሴቶች ሁሉ እናት የሆኑ፣ አርሲ ነገሌ ተወልደው አዳሚ ቱሉ ያረጁ፣ መስገጃቸውንና ሲንቄያቸውን አጠገባቸው ሳያኖሩ የማይቀመጡ አሮጊት ናቸው። ሲንቄ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር ናት። ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ እጅ ትቀበላታለች። አይመቱባትም፣ አይመረኮዟትም። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ከቆሙ ግን ያንን ሰልፍ የሚያልፍ ወንድ የለም፤ ፈረሰኛ ከፈረሱ ይወርዳል፣ ደም የተቃቡ ይለያያሉ። አባት ለልጁ ሳያስተምረው የማያልፈው ሕግ ነው።

አዴ ሰሊማ ነገሩን እስከ መጨረሻ ሰሙ። «ስለ ሚስት መገረፍ ወጥተን እናውቃለን» አሉ። «ስለ ወንድ ክብር ወጥተን አናውቅም።»

«የእሱ ክብር ካልተጠበቀ የእኔ ከየት ይመጣል፣ አዴ? እሱ ከበቅሎ ኋላ፣ እኔ ከወፍጮ ሥር። ልጅ ብንወልድ የት ልናስቀምጠው ነው?»

አሮጊቷ ሲንቄያቸውን ይዘው ተነሡ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የአዳሚ ቱሉ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ እልል እያሉ ወደ ግራዝማች ደጅ ወጡ። የሲንቄ እልልታ የደስታ አይደለም፤ በደል ደርሶብናል፣ ስሙን የሚል ጥሪ ነው። በአገሩ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ግራዝማች ገብረወልድ ግን የመጡት ከመንዝ ነው፤ በአዳሚ ቱሉ ብዙ ዓመት ቢኖሩም ከአጥራቸው ውጭ ያለውን ነገር ለማወቅ ደክመው አያውቁም። እልልታውን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

«አየሽ ዘርፉ፣ ሊሸኙኝ መጡ!» ብለው ካባቸውን ደርበው፣ በቅሏቸው ላይ ወጥተው፣ ፈገግ እያሉ ከበሩ ብቅ አሉ።

ዲንቄ ከፊት ቆማ ነበር። «ግራዝማች፣ ባሎቻችን ከነስማቸው፣ ከነጦራቸው ይዝመቱ» አለች።

ግራዝማች ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። ፈገግታቸው ጠፋ። «ዞር በይ!» አሉና በቅሏቸውን በእርካብ ነክተው፣ በተዘረጋው የሲንቄ ሰልፍ መሐል አለፉ። አንዲት ሲንቄ በበቅሎዋ ኮቴ ሥር ተሰበረች።

እልልታው ቀጥ አለ። በር የሚጠብቀው ኢተፋ የግራዝማች የታመነ ጠብመንጃ ያዥ ነው፤ ግን የዚያው አገር ልጅ ነው። ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጭኖ ቀረ። «ሰፉ!» አለ፤ ይህ በኦሮምኛ የማይደረግ ነገር ተደረገ፣ ነውር ነው ማለት ነው። ግራዝማች ግን ምን እንዳጠፉ አላወቁም፤ በቅሎዋ ነች ያጠፋችው ቢባሉ እንኳ ባልገባቸው ነበር።

ሲንቄ ከተሰበረ በኋላ ምን እንደሚደረግ ለአርሲ ሴት አይነገራትም። በዚያው ቀን ሴቶቹ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። የሚጠባ ካልሆነ በቀር ልጅ ሳይቀር ለአባቱ ተትቶ፣ እሳቱ ሳይዳፈን፣ ላሙ ሳይታለብ መውጣት ነው ሥርዓቱ። በዳዩ መጥቶ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም።

ወንዶቹ ያን ሰሞን የሆኑትን መሆን ለጠላትም አይስጥ። የዚያ አገር ላም የምታውቀው የሴት እጅ ነው። ትልልቅ ጢማም ሰዎች ቅል ይዘው ከላም ሥር ተንበረከኩ፤ ላሞቹም እየረገጡ ቅሉን ደፉት። ሰንበታ የዲንቄን ነጠላ ለብሶ ላሟን ሊያታልላት ሞክሮ ጭኑ ላይ ተረግጧል ይባላል። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ ዋንዛ ላይ ወጥቼ ወድቄ ነው ብሎ ይከራከር ነበር።

አሁን ወደ ዲንቄ እንመለስ፤ ስሟን ያስጠራት ነገር እዚህ ላይ ነውና። ሴቶቹ ሐይቁ ዳር ከትልቁ ዋርካ ሥር ሊሰፍሩ ሲሉ፣ እሷ አህያዋን ጭና መጣች። በአንዱ ጎን የወፍጮዋ ድንጋይ፣ በሌላው ጎን ከግራዝማች ጎተራ የተቀበለችው ገብስ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አዴ ሰሊማ። «ሲንቄ ይዞ የወጣ ሰው ሥራ አይሠራም። ሥርዓት ነው!»

«አውቃለሁ አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን በሶው ካልተሰናዳ ዘመቻው ይዘገያል። የተጣላነው ከግራዝማች ነው፤ ከአገር አልተጣላንም። ድንበር ላይ ያሉት ሰዎች ይራቡ ወይ? ጣሊያን ሲንቄያችንን አይቶ ከበቅሎ ይወርድልናል ወይ?»

ከሴቶቹ አንዷ «እና ፈጭተን ልናስረክባቸው ነው? ታዲያ ለምን ወጣን?» ብላ ጮኸች።

«እንፈጫለን፤ አናስረክብም» አለች ዲንቄ። «ዱቄቱ ከሲንቄው ኋላ ይቀመጣል። ባሎቻችን በስማቸው የተጠሩ ዕለት፣ ያን ዕለት ይወስዱታል። ስንቅ በማሰናዳት አንድ ቀን አናዘገያቸውም። ከዘገዩ በትዕቢታቸው ይዘግዩ።»

ሥርዓትን የሚጠብቅ ሰው ሥርዓት ሲጣስ ሆዱ ይባባል፤ አሮጊቷም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በመጨረሻ «እኔ ወፍጮ አልነካም» አሉ። «አላየሁሽም ግን።» ከዚያም ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ተቀመጡ። ሌሎቹ ሴቶች አህዮቻቸውን እየነዱ ወፍጮ ለማምጣት ሲሮጡ እውነትም አላዩም።

ዋርካው ሥር ወፍጮው መጮህ ጀመረ። ሴቶቹ ተራ ገብተው ይፈጫሉ፤ የደከመች ስትነሣ ያረፈች ትተካለች። ለግራዝማች ቤት ሲፈጩ ዘፍነው የማያውቁ ሴቶች እዚያ ዘፈኑ። የሐይቁ ዳር አሳ አጥማጆች ሠርግ መስሏቸው ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ዲንቄ በሕይወቷ ፈጭታ ደስ ያላት ያን ጊዜ ብቻ መሆኑን ኋላ ለሚጠይቋት ሁሉ ትናገር ነበር።

ግራዝማች መጀመሪያ ኢተፋን ላኩት። «ሂድ፣ ስንቄን ጭነህ አምጣ፤ እምቢ ካሉ በአፈሙዝ!» ኢተፋ ጠብመንጃውን አንግቶ ሄደ። ሲንቄዎቹ ተሰልፈው ሲያይ ቆመ። ጠብመንጃውን መሬት ላይ አጋደመና፣ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወደ ፊት አልሄደም፤ ወደ ኋላም አልተመለሰም። ግራዝማች ጠብቀው ጠብቀው ሲያጡት፣ በንዴት በቅሏቸውን አስጭነው ራሳቸው መጡ።

ግራዝማች ገብረወልድ ክፉ ሰው ናቸው ብሎ መገላገል ቀላል ነበር፤ ግን እውነት አይሆንም። ሽበታቸው በጦር ሜዳ የመጣ፣ ክተት ሲባል ከሁሉ ቀድመው የተነሡ ሰው ናቸው። የእሳቸው ችግር ሌላ ነው፤ አገርን የሚወድ ሰው እሳቸውን ይመስላል ብለው ያምኑ ነበር።

«ከሃዲዎች!» አሉ ገና ከበቅሏቸው ሳይወርዱ። «ጠላት ቤታችን ገብቶ እናንተ ዛፍ ሥር ትዘፍናላችሁ? የሠራዊት ስንቅ ታስቀራላችሁ? ይህን ለማን እንደምትሠሩ አውቃችሁታል?»

ዲንቄ ከወፍጮዋ ተነሣች። ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ዱቄት ነበረባት። አንዱን ስልቻ ጎትታ ከሲንቄው ሰልፍ አጠገብ አመጣችና አፉን ፈታችው።

«ይዩት» አለች። «ደቃቅ ነው። መድገም አያስፈልገውም።»

ግራዝማች አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከኋላዋ፣ ከዋርካው ግንድ ጋር፣ የተሰፉ ስልቻዎች ተደርድረዋል። ዘመቻው የጠየቀው ሁሉ እዚያ አለ።

«ፈጭታችሁታል» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ፈጭተነዋል። ለእርስዎ መስሎዎት ከሆነ አይደለም። አገሩ የእኛም ነው፤ ሐይቁም፣ ዛፉም፣ የተጣሰውም ድንበር። እርስዎ ባሌን በግድ ሊወስዱት አሰቡ፤ በግድ የሚሄድ መስሎዎት ነው? ሳይጠሩት ጦሩን ሲጠርግ ነበር። እርስዎ ነዎት ጦሩን ያስጣሉት። ግራዝማች፣ ለመሆኑ ይህ ዘመቻ እንዴት ያለ ነው? ሸክሙ የእኛ፣ ፉከራው የእርስዎ?»

ማንም እንዲህ ብሏቸው አያውቅም። እጃቸው ወደ አለንጋቸው ሄዶ ነበር፤ ሴቶቹ ሁሉ አይተውታል። አለንጋውን ግን አላነሡትም። ስልቻዎቹን አዩ፣ የዲንቄን እጅ አዩ፤ ከመጅ ጋር ሲታገል የሰነበተ እጅ ነው፣ ቆስሏል።

«ምን አድርግ ነው የምትሉኝ?» አሉ በመጨረሻ።

ከድንጋዩ ላይ ኢተፋ ተነሥቶ መጣ። «ጌታዬ፣ ይውረዱ» አላቸው በለሆሳስ። «ይውረዱና እርጥብ ሣር ይንጩ። ሣር የያዘ ሰው ሰላም ፈልጎ ነው የመጣው። ከዚህ ሌላ መንገድ የለም።»

ግራዝማች ከበቅሏቸው ወረዱ። ጎንበስ ብለው ከሐይቁ ዳር ሣር ነጩ፤ ጎንበስ ማለቱ ለወገባቸውም ለኩራታቸውም ከብዷቸው እንደነበር ያዩ ሁሉ ይመሰክራሉ። ሣሩን ይዘው ከሲንቄው ፊት ቆሙ።

«አጥፍቻለሁ» አሉ። «ወንዶቹ ከነስማቸው፣ ከነጦራቸው ይዘምታሉ። ቃሌ ነው።»

አዴ ሰሊማ ያን ጊዜ ፊታቸውን ከሐይቁ መለሱ። ሣሩን ተቀበሉ፣ መረቁ፤ ስለ ተሰበረችው ሲንቄም ግራዝማች ጊደር እንዲያርዱ አዘዙ። ታረደች። በዚያ ማዕድ ግራዝማችና ገባሮቻቸው ከአንድ ሥጋ በሉ፤ ይህም ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነው።

ስንቁን እስከ አዳማ ያደረሱት ሴቶቹ ናቸው። አዳማ ባቡር ጣቢያ በሰው ተጨናንቋል፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ጦር በየአለቃው ተሰልፎ፣ ፎካሪው ይፎክራል፣ አልቃሹ ያለቅሳል፣ የባቡሩ ጢስ ሁሉንም ያለብሳል። አንዳንዱ ሰልፍ ኋላ ጆንያ የተሸከሙ ስም የለሽ ሰዎች ነበሩ፤ ዲንቄ አየቻቸው። የራሷን ባል ማትረፍ ችላለች፤ እነዚያን ግን ማን ያትርፋቸው?

የግራዝማች ሰዎች ተራ ደረሰ። ጠሪው ስም ይጠራ ጀመር።

«ሰንበታ ነገሪ!»

«አለሁ!»

ሰንበታ ጦሩን ይዞ ወጣ። ስንቁን ሁሉም ተካፍሎ በየጀርባው አንግቶታል፤ የተረፈውን የግራዝማች በቅሎ ተጭናለች፣ ግራዝማችም በእግራቸው ከሰዋቸው ፊት ቆመዋል። ሌላው መኳንንት እያየ ይሳለቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን አልዞሩም፤ ይህ ይጻፍላቸው።

ዲንቄ ልትስቅ ነበር። ሰንበታ ፉከራ አይችልም፤ አፉን ከፍቶ «ዘራፍ» ካለ በኋላ ቀሪው ጠፍቶበት ቆሟል። ወዲያው ግን ከፊተኛው ረድፍ ሲያቆሙት አየች። ተሸካሚ ከኋላ ነው የሚሄደው። ወታደር ከፊት ነው። ይህን ቀድሞም ታውቀው ነበር፤ በዓይኗ ስታየው ግን ሳቋን ዋጠችው። ለባሏ የለመነችለት ቦታ ጥይት መጀመሪያ የሚደርስበት ቦታ ነው።

አዴ ሰሊማ ክንዷን ያዙ። «አንቺ ነሽ የፈለግሽው፣ ልጄ።»

«አዎ አዴ። እኔ ነኝ» አለች፤ እንባዋ ግን አልቆመም።

ሰንበታ ወደ ፉርጎው ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ ፈለጋት። አገኛት። እጁን አላወዛወዘም፣ አልተናገረም፤ እንደዚያን ቀን ቀጥ ብሎ ቆሞ ግን አይታው አታውቅም። ከዚያ ባቡሩ ሄደ።

ሴቶቹ በእግራቸው ወደ አዳሚ ቱሉ ተመለሱ። ዲንቄ ገና አቧራዋን ሳታራግፍ ከወይዘሮ ዘርፉ ግቢ አንዲት ገረድ መጣች። እመቤቲቱ እንግዳ አለባቸው፤ ዲንቄ እንደ ወትሮዋ መጥታ እንድትፈጭ ተጠርታለች። ባልየው ሣር ቢነጩም፣ ወይዘሮዋ ሣር አልነጩም።

ዲንቄ ላሟን እያለበች ነበር። ከላሟ ሥር ሳትነሣ መለሰች።

«ሂጂና ለእመቤትሽ ንገሪያቸው» አለች። «በአክብሮት ንገሪያቸው። የሰንበታ ነገሪ ቤት የዘማች ቤት ነው በያቸው። እሱ ሊሞት ወደ ፊት ከሄደ፣ እኔ ልኖር ወደ ኋላ አልመለስም።»